የሚካኤል ጠላ

«የሚካኤልን ጠላ እህቴ ትጥመቀው፤ መሰለች ወጡን ትያዝ» አሉ አቶ አስረስ።

እኔና ሚስታቸው መሰለች ጓዳ ነበርን። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎበታል እንጂ ድምፅ አያስቀርም፤ አቶ አስረስ ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆኑ ሲናገሩ ችሎት ላይ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። የሚያወሩት ከማኅበራቸው ሰብሳቢ ከሙሴው ከአቶ ሀብተወልድ ጋር ነው። የኅዳር ሚካኤል ድግስ ዘንድሮ ተራው የነሱ ቤት ነበር፤ ከየአገሩ ለሥራ መጥቶ ቡታጅራ የቀረው ጸሐፊና አስተማሪ ሁሉ በዓመት አንዴ ከልቡ የሚጠጣው ያን ቀን ነው። መሰለች ሰፌዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እዚያ ቤት ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ እስከዚህ ክረምት ከእሷ በቀር ጠላ የጠመቀ ሰው አልነበረም። «ሰማሽ?» አለችኝ። «አልሰማሁም» አልኳት። ጎረቤት አንዳንዴ ደንቆሮ ሲሆን ነው የሚያምርበት።

እኔ ከድጄ እባላለሁ። ባሌ ሳኒ ገበያው ዳር ሱቅ አለው። ጠላ የሚባል በአፌ ዞሮ አያውቅም፣ አላህ ይጠብቀኝ፤ ግን ከመሰለች ጋር አጥራችን አንድ ነውና ጌሾው ሲወቀጥ፣ አሻሮው ሲታመስ፣ ጋኑ በወይራ ሲታጠን ስንት ዓመት በአፍንጫዬ አብሬ ጠመቅኩት። ቅናትን ግን በአፍንጫ አይደለም የማውቀው። ሳኒ ቡኢ ላይ ሌላ ሚስት አለችው። ጭነት ይዞ ሄዶ እዚያ ባደረ ቁጥር እሱ እንቅልፉን ይተኛል፣ የማልተኛው እኔ ነኝ። ቅናት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ! ስለዚህ መሰለች ስትቀና አልፈረድኩባትም። እውነቱን ልናገርና ደግሞ ደስ ሳይለኝም አልቀረ፤ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ።

የተቀናባት ዓለምዘውድ የአቶ አስረስ ታላቅ እህት ናት፤ ሁላችንም እታለም እንላታለን። ባሏ ሞቶባት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከደብረ ብርሃን መጣች። ሰው ሲመጣ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ እታለም የእናቷን ጋን ይዛ መጣች። ጋን! በጭድ ተጠቅጥቆ፣ በብርድ ልብስ ተጠምጥሞ፣ ያንን ሁሉ የኮረኮንች መንገድ በጭነት መኪና ተንገጫግጮ ሳይሰነጠቅ ገባ። አቶ አስረስ ግቢው መካከል ቁጭ ብለው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና የጋኑን ድምፅ ሲሰሙ እንባቸው መጣ። ያንን እንባ መሰለች አየችው። «ስወልድለት እንኳ አላለቀሰም» አለችኝ በማግስቱ። ያ ጋን ስትዳር ለእኔ ይገባል ብላ የጠበቀችው ነበር፤ አማቷ ግን ለምራት አልሰጥም ብለው አስቀሩት። አሁን ጋኑ በራሱ ጊዜ ከነባለቤቱ መጣና ጓዳዋ ውስጥ፣ ከእታለም መደብ ራስጌ፣ ጉብ አለ።

እታለም የመጀመሪያዋን ጠመቀች፤ ያኔ ጉድ ፈላ። አቶ አስረስ ከቢሮ ሲመለሱ ሚስታቸውን ሰላም ሳይሉ ወደ ጓዳ ማንጋጠጥ ጀመሩ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጅ ቤት የሚያመሹት ሰውዬ አሁን ጀንበር ሳትጠልቅ ቤታቸው ናቸው፤ ሌላ ሚስት ብትሆን ስለት ታስገባ ነበር፣ መሰለች ግን በገቡ ቁጥር አንጀቷ ያርራል። በመስቀል ሁለቱም ጠምቀው የመሰለች ሆመጠጠ። እንግዳው ፊቱን ሳያጨማድድ ለመጠጣት ሲታገል አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «መሰለች ወጡን ትያዝ» የመጣው። እሷም እሺ አላለች፣ እምቢም አላለች። ማድ ቤት ገብታ የራሷን ጋን አጥባ፣ አጥና፣ «ለመጠባበቂያ» ብላ ጠነሰሰች። እታለምም በዚያው ሰሞን በእናቷ ጋን ጠነሰሰች። አንድ ግቢ፣ አንድ ቅዱስ፣ ሁለት ጋን።

አርብ ጠዋት ሳኒ ሱቁን ሳይከፍት መሰለች በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። «ነይ እስቲ ስሚልኝ።» ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጣሪያው ጥላሸት ያንጠባጥባል። ጋኑ ጥግ ላይ በጉድጓዱ ተተክሎ አፉ በጨርቅ ታስሯል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። በነሱ ሥራ ጌሾው ተጠንስሶ፣ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ፣ በመጨረሻ አሻሮው ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ ደግሞ እሳት ሳይነካው መፍላት አለበት። ጋኑ ውስጥ ይንሾካሾካል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ገለባው ወደ ላይ ይወጣል። የመሰለች ጋን ዝም። ጨርቁን ፈትተን አየን፤ ድፍድፉ እንደ ዝናብ ማግስት ጭቃ ተኝቷል። እሷ ግን የምትሰማው ሌላ ነው፤ ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ የእታለም ጋን ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አድሯል። «ሰማሻት? ስታሽሟጥጠኝ!» አለች። ጋኑን ነው እንግዲህ አሽሟጣጭ ያለችው።

«ተረጋጊና ምክንያቱን እንፈልግ» አልኳት። ውሃው? ውሃው ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው፣ የእታለምም ከዚያው ነው። ብቅሉ? ገብሱን ራሷ ነክራ፣ ራሷ አብቅላ፣ ራሷ አድርቃዋለች፤ ከተረፈው አንስታ ቆረጠመች፣ ጣፋጭ ነው፣ ሻጋታም የለበትም። ቂጣው አላረረም። አሻሮው አልከሰለም። ብርድ እንዳንል ማድ ቤቱ ከጓዳው ይሞቃል። ቀረ ጌሾው። «ጌሾው ነው!» አለች ፊቷ በርቶ፤ ሰው ጥፋቱን የሚጥልበት ሲያገኝ እንዴት እንደሚያምርበት! ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ ተከተልኳት።

አርብ የቡታጅራ ገበያ ነው። ከመስቃን በርበሬ የጫነ ጋሪ፣ ቆጮ የተሸከመች ሴት፣ ፍየል የሚጎትት ሁሉ መንገዱን ሞልቶት በርበሬው ያስነጥሳል። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አስር አለቃ ሽባባው ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። የሱ ሥራ ወንበዴ መያዝ ነው ይባላል፤ እኔ የማውቀው የት ቤት ጠላ እንደተከፈተ መያዙን ነው። «እመቤት፣ ለሚካኤል እታለም ናት የጠመቀችው አሉ! እንዲያው ማኅበርተኛ ባልሆንም አትርሱኝ!» አላት እየሳቀ። መሰለች ፈገግ አለችለት። ከጣቢያው እስክንርቅ ያ ፈገግታ ፊቷ ላይ ተሰክቶ ቀረ፣ ከዚያ ወለቀ። «ከተማው ሁሉ!» አለች። «እኔ እዚህ አገር ስኖር እሷ የት ነበረች? ይኼ ሰውዬ በወባ ሲንቀጠቀጥ አጥሚት ያጠጣሁት እኔ! ስሜን እንኳ አላወቀም፣ እመቤት ይለኛል።»

ጌሾ ሻጯ ዘይባ ከመስቃን የምትመጣ፣ ምላሷ እንደ በርበሬዋ የሆነ ሴት ናት። መሰለች ጌሾሽ አልሠራልኝም ስትላት ዘይባ አንድ ቅጠል በጥሳ አፏ ውስጥ ከተተችና አኘከች፤ ዓይኗ በምሬቱ ተጨፈነ፤ አልተፋችም። «ይኼ ነው ያልሠራው? ከዚሁ እስር ለዓለምዘውድ ሰጥቻለሁ። እሷ ዛሬ በጠዋት አልፋ መረቀችኝ።» እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። «ጌሾ እጅ ያውቃል እኅቴ» ብላ ጨመረችበት። ኧረ ተይ ዘይባ! መሰለች ሳትከራከር የተጠየቀችውን ስሙኒ ወርውራላት ሌላ እስር አንስታ ሄደች፤ እሷ ያለ ክርክር ስትገዛ ያኔ ገና ነው ያየኋት።

ቤት ገብታ አዲሱን ጌሾ ወቀጠች፣ ጨመረች፣ አማሰለች፣ አሰረች። እኔ ጁምዓ ነውና ቤቴ ገብቼ ሰገድኩ፤ ለሳኒ ምሳ አቀረብኩ። ሳኒ ነገ ቡኢ እሄዳለሁ አለኝ። ጨው አቀበልኩት። ስመለስ መሰለች ጋኑ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ ምሳም አልበላች፣ እጇ ላይ ጌሾው ደርቋል። ጋኑ እንደሆነ ዝም እንዳለ ነው። «ዓይን ነው» አለች ቀስ ብላ። «የመስቀሉንም ያበላሸችው እሷ ናት። ጥንስሱን ሳማስል በዚህ በር ብቅ ብላ ‹ሲያምር› አለች። ሲያምር ብላ ሄደች፣ ሆመጠጠ።»

«መሰለች፣ ሲያምር ያለ ሁሉ ዓይነ ክፉ ከሆነ እኔንም አባሪኝ» አልኳት። «ልጥራትና ትየው። እጅ ካላት እጇን ታሳይ።» ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ስንጓተት እታለም ራሷ መጣች፤ እሳት ልትጭር የሸክላ ስባሪ ይዛለች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጥቁር ልብሷን ያላወለቀች ሴት ናት፤ ቤቱ ውስጥ ስትራመድ ሰው የሚቀሰቅስ ይመስል በጣቷ ነው። እኔን አየች፣ መሰለችን አየች፣ ዝም ያለውን ጋን አየች። ሳትጠይቅ ስባሪውን አስቀመጠችና ጨርቁን ፈትታ ጭንቅላቷን ጋኑ ውስጥ አስገባች። ቆየች። ስትወጣ እያስነጠሳት ነበር።

«ድኝ ነው» አለች። «ጋኑ በድኝ ታጥኗል። ሸክላው ጠጥቶታል እኮ! ድኝ ያለበት ጋን እንዴት ይፈላል፣ ያፈነዋል እንጂ። ማን ነው ድኝ ያጠነው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሰሞን መሰለች ከሳኒ ሱቅ ድኝ ገዝታለች፤ ለዶሮ ቅማል ነው ብላ። እኔም ቶሎ ብዬ «ለዶሮ… ለዶሮዎቹ ቅማል ነበር፣ እዚህ አስቀምጣው ይሆናል» አልኩ። ውሸቴ ከአፌ እንኳ በቅጡ አልወጣም። እታለም የመጣችበት አገርም ሰው ድኝ የሚያጨሰው ለምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቡዳ ለማባረር ነው። ዓይኗን ከመሰለች ላይ አላነሳችም። መሰለች መሬት መሬት ታያለች፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ጌሾ ትልጣለች። ወላሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንባ ጠበቅኩ፣ ስድብ ጠበቅኩ። እታለም ግን ዘወር ብላ ወጣች፤ ስትመለስ አንድ ጣሳ ሞልታ ይዛለች። ከእናቷ ጋን የተጨለፈ ድፍድፍ ነበር፤ ጣሳው ውስጥ እንኳ ሆኖ ይንሾካሾካል።

«ትልቁን እንስራ በግራዋ እጠቢልኝ» አለቻት። «ወይራም ምንም አታጥኚው። ድፍድፉን ከዚህ ጋን እናውጣው፣ አየር ያግኘው፤ ከዚያ ብቅልና ይኼን እንጨምርበታለን። ሕይወት ያለው ሕይወት የሌለውን ያስነሳዋል። ለሚካኤል ይደርሳል።»

«የሷን ድፍድፍ በእኔ ጠላ?» አለችኝ መሰለች፣ እታለም እዚያው ቆማ እየሰማች። «ታዲያ የኔ ምኑ ላይ ነው?» እኔም ተቆጣሁ። «ሚካኤል ደረሰ እኮ! ዝም ያለ ጋን ይዘሽ ቅሪና ያንቺ ይሁን!» አልኳት። ተነስታ ግራዋውን ቀጠፈች። እንስራውን ስትፈትገው ሸክላው ሊሰበር ነው ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ አንዷ እያዘነበለች ሌላዋ እየያዘች፣ አንዷ ስትጨልፍ ሌላዋ ስታማስል፣ እጃቸው አንድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲሠሩ ዋሉ። እታለም አንዴ ብቻ ተናገረች፤ ለመሰለች ሳይሆን ለእንስራው የምትናገር ነበር የምትመስለው። «እኔ እዚህ ቤት ያለኝ ይኼ እጄ ነው። አንቺ ካዘንሽብኝ የት እገባለሁ?» አለች። መሰለች ግን ማማሰያውን ትንሽ ቀስ አደረገች።

አመሻሹ ላይ እንስራው ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ቡልቅታ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ተከታታይ። መሰለች ጆሮዋን ለጥፋ ስትሰማ ሳትወድ ሳቋ አመለጣት፤ ጥርሷን ካየሁ ከርሜ ነበር። በዚያው መካከል አቶ አስረስ ከአቶ ሀብተወልድ ጋር ገቡ። ሙሴው የድግሱን ዝግጅት ሊያዩ ነው የመጡት፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀመጡ። እታለም ካለፈው ጥምቅ የቀረውን ቀድታ በዋንጫ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጨለጡና ጢማቸውን ጠርገው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይኼ ነው ጠላ» አሉ። አቶ አስረስ ጆሯቸው ቆሟል፤ ተነስተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ፣ እኛም ተከተልን። እንስራው ላይ ጎንበስ ብለው ሰሙ፣ አሸተቱ። «ይኼማ የእናቴ ቤት ሽታ ነው! እታለም፣ ይኼንንም አንቺ ነሽ የያዝሽው?»

«ኧረ የመሰለች ነው» አለች እታለም ፈጠን ብላ። «እኔ እጄንም አላስገባሁበት።»

አቶ አስረስ ሚስታቸውን እንደ አዲስ አዩዋት። ወላሂ ደስ ብሏቸው ነበር። ትከሻዋን ይዘው ወደ ሳሎን መለሷትና ለሙሴው «ጌታው፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የሚካኤልን ጠላ መሰለች ታቅርብ፤ የቤቱ እመቤት እሷ ናት» አሉ። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። ስታለቅስለት የከረመችው ነገር በእጇ ገባ እኮ! መቀበልና ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አቶ አስረስ ግን ወንድ ናቸውና መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው አያውቁም። «አየሽ መሰለች» አሉ እየሳቁ፣ «ከእህቴ ጋር አንድ ክረምት ብትኖሪ ጊዜ ጠላ ቻልሽ!»

የመሰለች ፊት ሲቀላ አየሁት። እታለም ከበሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታለች፤ መሰለች ያንን የተደፋ አንገት አየችና ባሰባት፣ ምሕረቱ ከሽሙጡ ይልቅ አቃጠላት። «ከሷ ነው የተማርኩት?» አለች። «ከሷ? ይኼን ሁሉ ዓመት የጠመቅኩልህ ምን ነበር፣ አተላ? ምንም አልተማርኩም! ድፍድፉም የሷ ነው፣ ውሸቷን ነው፣ ምጽዋት አልፈልግም! እኔማ የሷን ዓይን ፈርቼ፣ ቡዳ እንዳይበላው ብዬ፣ ድኝ አጥኜ የራሴን ገደልኩት!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ወጥቶ ክፍሉ መካከል ቆመ። አቶ አስረስ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነበር፤ ቀስ እያለ ጠፋ። «ምን አልሽ?» አሉ፣ የችሎት ድምፃቸው የለም፣ ሹክሹክታ ነው። «እሷ ቡዳ ከሆነች እኔስ? አንድ ሆድ እኮ ነው ያወጣን። ልጆችሽስ? የዘር ነው ይባላል አይደል?» መሰለች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይኼን አላሰበችውም ነበር። የባሏን እህት ብቻ የተናገረች መስሏት ልጆቿንም ጨምራ ሰደበች።

አቶ ሀብተወልድ ዋንጫውን አስቀመጡ። የጠጡትን ግማሽ ምን እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ሆዳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እንግዲህ… ሆዴንም አልተመቸኝም። ሚካኤል ያውቃል» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ። አቶ አስረስ እስከ በር እንኳ አልሸኟቸውም። ቡታጅራ ላይ ወሬ መኪና ይቀድማል፤ ሳይመሽ ማኅበርተኛው ሁሉ ይሰማል፣ ቡዳ በተባለበት ቤት ደግሞ ማንም ጠላ አይቀምስም፤ ድግሱን ሌላ ቤት ያውሉታል። ይኼን አራታችንም አወቅን። ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

መሰለች ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሙሴው የተዉትን ዋንጫ አነሳች። እታለም ከመጣች ጀምሮ የእሷን ጠላ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰችም ነበር፤ ሽታውን እንኳ ስትሸሽ ነው የከረመችው። በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ባሏ ላይ ተክላ፣ እስከ አተላው ድረስ ጠጣችው። አገጯ ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረገችውም። «ይጥማል» አለች፤ እንደ ስድብ ነው የተናገረችው። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እናቴን ይጥማል» አለች።

አቶ አስረስ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እታለም ከበሩ ተነቀለች፤ በዚያ በጣት አረማመዷ መጥታ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«ልድገምሽ?» አለቻት።

መሰለች ቀና ብላ አላየቻትም። ዋንጫውን ዘረጋችላት።